በራችንን የሚያንኳኩ ልጆች
የቡሄ ሙልሙል፣ የሃሎዊን ከረሜላና የአማኝ ቤት

በሬዲዮ ስትከታተሉን የነበራችሁ፣ አሁን ደግሞ ይህቺን ትንሽ ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ሙልሙል ነው። ስለ ከረሜላ ነው። በር ስለሚያንኳኳ ልጅ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ስንቱን ቤት እንዳነጋገረ እኔ አውቃለሁ።

እስቲ ግምጃ ቤትን በነሐሴ አስቧት። ዝናቡ ገና አላባራም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የቀርከሃው አጥር ውሃ ያንጠባጥባል። ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጅራፍ ጩኸት ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ማታ ማታ ልጆች መሬቱን በዱላ እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። የቤቱ እመቤት ሙልሙል ታወጣለች፤ የሌላት ሳንቲም ትሰጣለች። ልጆቹም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ።

ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ምሽት አንድ ወንድም ቤት ነበርኩ። ልጆቹ ደጃፉ ላይ ደርሰው ጭፈራውን ጀመሩ። ወንድማችን ብድግ ብሎ መብራቱን አጠፋ። «እኛ አናከብርም» አለኝ በሹክሹክታ። እስኪሄዱ ድረስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ከውጭ አንዱ ልጅ «ተዉት፣ የጴንጤ ቤት ነው» ሲል ሰማሁት። የወንድማችን ትንሽ ልጅ ደግሞ በጨለማው ውስጥ «አባዬ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩላትም። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ጥያቄው የግምጃ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እህቶቻችንም በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ገደማ፣ ይኸው ፈተና ይገጥማቸዋል። ሃሎዊን በሚሉት በዓል ማታ የጎረቤት ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ሊለምኑ በር ያንኳኳሉ። እዚያም መብራቱን የሚያጠፋ አማኝ አለ፤ ከረሜላ በሳህን ይዞ የሚወጣም አለ። ልጁን ከሌሎቹ ጋር የሚልክ አለ፤ «የሰው ከረሜላ መርዝ ሊኖረው ይችላል» ብሎ የሚከለክልም አለ። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ታሪኩን እንወቅ።

ቡሄ ከየት መጣ?

ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዕለቱ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ጌታ ኢየሱስ በሦስቱ ደቀ መዛሙርት ፊት በተራራ ላይ መልኩ የተለወጠበትን፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ የበራበትን ታሪክ ለማሰብ ነው። ታሪኩን በማቴዎስ 17፣ በማርቆስ 9 እና በሉቃስ 9 እናገኘዋለን። ወንጌሎቹ የተራራውን ስም አይናገሩም፤ «ታቦር» የሚለው ከጥንት አባቶች ትውፊት የመጣ ነው። ከዚሁ ትውፊት ጋር ሕዝቡ የሚተርከው አለ፦ በዚያ አካባቢ የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ቀን መስሏቸው ሳይገቡ ቆዩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውም ሙልሙሉም ከዚያ መጣ ይባላል።

ይህን እረኞች ዘገዩ የሚለውን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ አናገኘውም፤ ይህን በግልጽ እንናገር። ግን ደግሞ ሌላውን እውነት አንደብቅ። የበዓሉ መነሻ ጣዖት አይደለም፣ የክርስቶስ ክብር ነው። ሙልሙሉም ለመንፈስ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጎተራው ሲሟጠጥ፣ ከብት ሲጠብቅ ዝናብ ሲመታው ለከረመ ልጅ የሚሰጥ ዳቦ ነው። ጅራፉስ የማን ነው? የእረኛው አይደል? የክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይሰጣል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ይጋግራል። ከበዓሉ ውስጥ እንደ እምነታችን የማንቀበለው ነገር ሊኖር ይችላል። ዳቦውን ግን ከማናምንበት ነገር ጋር አንድ ላይ ጠቅልለን አንጣለው።

ሃሎዊንስ?

የሃሎዊን ታሪክ ትንሽ ይወሳሰባል። በአየርላንድና በአካባቢው የነበሩ የጥንት ሕዝቦች የመኸሩን ማብቂያና የክረምቱን መግቢያ የሚያከብሩበት ሳዊን የሚባል በዓል ነበራቸው፤ በዚያ ሌሊት መናፍስት ይቀርባሉ ብለው ያምኑ ነበር። በሌላ በኩል የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1ን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ አደረገችው። ሃሎዊን የሚለው ቃል ራሱ የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ድሆችና ልጆች በዚያ ሰሞን ከቤት ቤት እየዞሩ ለሙታን ለመጸለይ ቃል ይገቡና ትንንሽ ኬክ ይቀበሉ ነበር። ይኸውላችሁ፣ ሙልሙል በሌላ አገር!

ለሙታን ሲባል የሚፈጸመውን ነገር የተሐድሶ አባቶች አጥብቀው ተቃወሙ። ማርቲን ሉተር 95ቱን አንቀጾች ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1517 ነው፤ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላው ሃሎዊን የሚለውን ቀን ብዙ ወንጌላውያን የተሐድሶ ቀን ብለው ያስቡታል። አንዱ ቀን ሁለት ስም ተሸከመ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ልማዱን ወደ አሜሪካ ወሰዱት። ልጆች «ስጡን፣ አለዚያ እንተናኮላችኋለን» እያሉ በየቤቱ የሚዞሩበት መልክ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ስለነበረ ቀዘቀዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እንደገና አንሠራራ፤ የከረሜላ ኩባንያዎችም ገበያ አደረጉት። ዛሬ ብዙ ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ ነው የሚያየው። ሆኖም ሞትን፣ ጠንቋይንና አጋንንትን መጫወቻ ማድረጉ አማኝን ቢያሳስበው አግባብ ነው። ለዚህም ነው በአሜሪካ ብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ማታ የመኸር በዓል ብለው ለልጆች የራሳቸውን ዝግጅት የሚያደርጉት።

መርዙ ያለው የት ነው?

አሁን ወደ ከረሜላው እንምጣ። በአሜሪካ «የማታውቀው ጎረቤት ከረሜላ ውስጥ መርዝ ወይም ምላጭ ይጨምራል» የሚለው ፍርሃት ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዲትሮይት አንድ የ5 ዓመት ልጅ ሞተ፤ የበላው የሃሎዊን ከረሜላ ሄሮይን ነበረበት ተባለ። ሲጣራ ልጁ ሄሮይኑን ያገኘው ከዘመዱ ቤት ነው፤ ከረሜላው ላይ የነሰነሰው ቤተሰቡ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በቴክሳስ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ሳያናይድ ያለበት ከረሜላ በልቶ በሃሎዊን ማታ ሞተ። አባትየው የሰጠን የሆነ ቤት ነው አለ። ፖሊስ ሲመረምር ግን መርዙን የጨመረው አባትየው ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ በልጁ ሕይወት ላይ የገባውን የኢንሹራንስ ገንዘብ ፈልጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞት ተቀጣ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል የሚባለው የራስ ምታት መድኃኒት ውስጥ ሳያናይድ ተጨምሮ 7 ሰው ሞተ። ከሃሎዊን ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ግን በዓሉ ሲደርስ አገሩ በሙሉ ተሸበረ። አንዳንድ ከተሞች የልጆቹን መዞር ከለከሉ፤ አንዳንድ ሆስፒታሎች የልጆችን ከረሜላ በራጅ ማየት ጀመሩ።

ጆኤል ቤስት የሚባል የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የወጡትን የጋዜጣ ዘገባዎች አገላብጦ መረመረ። የማያውቀው ሰው እንዲሁ በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ ተመርዞ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ አንድም ልጅ አላገኘም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የ42 ዓመት መዝገብ ያዩ ሐኪሞች በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና የመሞት አደጋው ከሌላው ምሽት በ43 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኙ። አያችሁ? ወላጅ ከረሜላውን በብርሃን እያገላበጠ ሲመረምር፣ አደጋው አስፋልቱ ላይ ነበር። ጎረቤትን ሲጠረጥር፣ የቴክሳሱ ልጅ ገዳይ እቤት ነበር። ሰው የሚፈራውና ሰውን የሚጎዳው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

እኛስ?

«ይህ የፈረንጅ ጉድ ነው» እንዳትሉ። እኛም አገር የራሳችን የተመረዘ ከረሜላ አለን። በጎጃምም በሌላውም አገር ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ነው፣ ቡዳ ናት» እያልን ስንት ዘመን ኖርን? ልጅ ሲታመም «ማን ቤት በላ?» ብለን ስንት ምስኪን ሴት አሳዘንን? ማረሻችንን የሠራልን ሰው ቤት እህል ለመቅመስ የፈራን ሰዎች ነን እኮ! ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ፍርሃቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም።

ወገኖቼ፣ ይህ ዱላ በእኛም ላይ አርፏል። «የጴንጤ እንጀራ አይበላም» የተባልንበት ጊዜ የለም? ለቅሶ ቤት የወሰድነው እንጀራ ሳይነካ የተመለሰበት፣ ልጆቻችን ከጨዋታ የተገፉበት ጊዜ አልነበረም? ያን ቀን ምን እንደተሰማን እናስታውሳለን። ታዲያ ያን ያየን ሰዎች የጎረቤት ልጅ ደጃችን ሲመጣ መብራት ስናጠፋ ምን ማለታችን ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ነገር ቀድሞ አይቶታል። በቆሮንቶስ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ለጣዖት የተሠዋ ሊሆን ይችል ነበርና አማኞች ተጨነቁ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ምን አላቸው? ከጣዖት ማዕድ ጋር እንዳይተባበሩ አጥብቆ ከለከለ። ነገር ግን በገበያ የሚሸጠውን ሳይጠያይቁ እንዲበሉ፣ የማያምን ሰው ቢጋብዛቸውም የቀረበላቸውን እንዲበሉ ፈቀደ። ሰው መጥቶ «ይህ የተሠዋ ነው» ቢላቸው ግን፣ ለዚያ ሰው ኅሊና ሲሉ እንዲተዉት መከረ። ልብ በሉ፤ አምልኮን ለየ፣ ምግብን ለየ፣ ለወንድም ኅሊናም ተጠነቀቀ። ጎረቤቱን ግን አልሸሸም። በሮሜ 14ም አንዱ ቀንን ከቀን እንደሚለይ፣ ሌላው ቀኑን ሁሉ እኩል እንደሚያይ ይናገርና እርስ በርስ እንዳይፈራረዱ ያስጠነቅቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወሬን ሁሉ አንመን። የምሳሌ መጽሐፍ ቃልን ሁሉ የሚያምነውን ሰው አላዋቂ ይለዋል። «እገሌ ቤት የበላ ልጅ ታመመ» ሲባል፣ ማን አየ? ልጁን ጤና ጣቢያ ማን ወሰደው? ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችንን ከእውነተኛው አደጋ እንጠብቅ። በቡሄ የጅራፍ ጫፍ ዐይን ያጠፋል፤ ችቦ ልብስ ያቃጥላል፤ በጨለማ መንገድ የሚሻገር ልጅን ሾፌር አያየውም። ጠንካራ ከረሜላ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል። ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሁን፤ ያገኙትንም እቤት መጥተው ከወላጅ ጋር ይብሉ። ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ጥርጣሬ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልጅህን ከጭፈራው ብታስቀረው ኅሊናህ ነው፤ ማንም አይፍረድብህ። ብትልከውም ወንድምህ አይፍረድብህ። ግን ምክንያቱን ለልጁ ንገረው። ያልተነገረው ልጅ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜም የሚፈጥረው «ጎረቤቶቻችን ክፉ ናቸው» የሚል ነው።

አራተኛ፣ መብራቱን አታጥፉ። በዓሉን ባታከብሩም በር መክፈት ትችላላችሁ። ዳቦ ቁረሱላቸው፣ የተቀቀለ ድንች ስጧቸው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠይቋቸው፣ ባርካችሁ ሸኟቸው። ጌታችን በማቴዎስ 7 ልጁ ዳቦ ሲለምነው ድንጋይ የሚሰጥ አባት እንደሌለ ተናግሯል። የተዘጋ በርም ለልጅ ድንጋይ ነው።

ያች ትንሽ ልጅ ዛሬ አድጋለች። ምናልባት የራሷ ቤት፣ የራሷ በር ይኖራት ይሆናል። «አባዬ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ?» ላልሽው ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ምንም አላጠፉም፣ ልጄ። ያጠፋነው እኛ ነን፤ መብራቱን።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ልጆቻችንን ጠብቅ። ከከንቱ ፍርሃትም እኛን ጠብቅ። እውነትን ከወሬ፣ አምልኮን ከእንጀራ የምንለይበት ማስተዋል ስጠን። በነሐሴ ጭቃ ላይ ቆሞ በራችንን የሚያንኳኳ ልጅ በቤታችን ብርሃንህን ይይ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።