በወለጋ የጭነት መኪና የእንጨት ወለል ከዝናብና ከምስጥ ስለ ተጠበቀበት ሁኔታ

ስለ ወለጋ ንግድ የጻፉ ሰዎች የሚያወሱት ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና ቡናውን ነው፤ ቡናው የተጫነበትን እንጨት የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ይህንኑ የተዘነጋ ነገር ነው። ወለሉ የበሰበሰ ካሶኒ ጎማው የሚረጨውን ውሃ ከታች ያስገባል፤ የረጠበ ቡና ይሻግታል፤ የሻገተውን ደግሞ ነጋዴ አይቀበለውም። ስለዚህ ነገሩ የአናጢ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መኪና ከመምጣቱ በፊት የሌቃ ነቀምቴ ገዦች የነበሩት ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ (ገብረ እግዚአብሔር) በነበሩበት ዘመን ጭነት የሚጓዘው በአጋሰስና በሰው ሸክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ የባሮ ወንዝ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ብቻ ስለ ሆነ፣ ንግዱና ዝናቡ ተነጣጥለው አያውቁም።

የእንጨት ካሶኒ በሰፊው የተለመደው ከጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ ይመስለናል። ለዚህም ቃሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ካሶኒ፣ ስፖንዳ፣ ቡሎን፣ ላሜራ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የእንጨቶቹ ስም ግን የአገር ነው። ወንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባ ይባላሉ፤ በኦሮምኛም ወንዛው ዋዴሳ፣ ዝግባው ብርብርሳ ነው። ቅርጹ ከውጭ ቢመጣም የእንጨቱ ዕውቀት የአገሩ ነበር ማለት ነው።

ያም ዕውቀት በከንቱ አልተገኘም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነጆና ወደ መንዲ ሲኬድ ደግሞ ምስጡ ቤቱንም፣ አዝመራውንም፣ ግጦሹንም አይምርም፤ እግሩ መሬት ነክቶ የከረመ ተሳቢማ ምን ሊተርፈው!

ዝግባ ቀጥ ያለና ለመጋዝ የሚመች ስለ ሆነ ጣውላው ያምራል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወደዋል። ጥድ ሁለቱንም ይቋቋማል፤ ሚስማር ሲመታው ግን ይሰነጠቃል። ወንዛ በመካከል ነው፤ ቀላው ልቡ ይጸናል፣ በዳር ያለው ነጩ ግን አይታመንም።

የቤት ምሰሶ ሲተከል ጫፉን በእሳት መለብለብ የቆየ ልማድ ነው። መኪና ሲመጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ተጨመረ። ይህ ውሃን ለጊዜው ይመልሳል እንጂ ወደ እንጨቱ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም፤ ሳይደርቅ በተቀባ እንጨት ላይም ርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚያድገው ከእንጨቱ ክብደት ከመቶ 20 በላይ ርጥበት ሲያገኝ ስለ ሆነ፣ ማድረቁ ከመቀባቱ ይቀድማል። ከዚህም የባሰው ችግር ቡና ሽታ መሳቡ ነው። እንጨቱን የሚያድነው ዘይት ጭነቱን ያበላሻል! ስለዚህ በእኛ አስተያየት ዘይቱ የሚገባው ለወለሉ ሆድ፣ ለጣውላው ጫፍና ለቡሎኑ ቀዳዳ ነው፤ መበስበስ የሚጀምረውም በነዚሁ በኩል ነው። ላዩ ባዶውን ይቅር፣ ሸራ ይልበስ፤ በጣውላዎቹ መካከልም ውሃ የሚወርድበት ጭረት ይተው። ወደ ወለጋ የሚገባው ጨውም ቡሎኑን በማዛግ የበኩሉን ያደርስ እንደ ነበር ማሰብ ይቻላል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ መኪናው ሲበዛ የጣውላው ፍላጎት አብሮ አደገ። ደኑ ግን እየሳሳ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን ዐዋጅ ወንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ። ላሜራም የጣውላውን ስፍራ ወሰደ። አንዳንዱ ባለ መኪና ግን ላሜራውን በአሮጌው ጣውላ ላይ ያነጥፈዋል፤ በመጋጠሚያው የገባው ውሃ መውጫ ያጣና፣ ላሜራው ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው እንጨት በጣት የሚፈረፈር ይሆናል።