በሌዘር ክሪስታሎች ምርምር የዶክትሬት ዲግሪ ለመማር ለሚያመለክቱ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

የሌዘር ክሪስታል ብርሃንን የሚያጎለብት ንጥረ ነገር በጥቂቱ የተቀላቀለበት ጠጣር ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው የመጀመሪያው ሌዘር ክሮሚየም ያለበትን የሩቢ ክሪስታል የተጠቀመ ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ኒዮዲሚየም የተቀላቀለበት ይትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት (በአጭሩ ያግ) ነው። ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደበዝዘውን ሽፋን ለመክፈት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሌዘር የሚሠራው በዚሁ ክሪስታል ነው።

አመልካቾች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ዋና ጉዳይ ሥራው የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ያግ የሚቀልጠው በ1970 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ፣ ማቅለጫው ብዙውን ጊዜ ኢሪዲየም ከተባለው ውድ ብረት የተሠራ ነው። በቀለጠው ቁስ ላይ ዘር የሚሆን ትንሽ ክሪስታል እንዲነካ ከተደረገ በኋላ እየተሽከረከረ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሳባል። ኒዮዲሚየም ወደ ጠጣሩ በቀላሉ ስለማይገባ፣ በክሪስታሉ ውስጥ የሚኖረው መጠን በቀለጠው ውስጥ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የመሳቡ ፍጥነት በሰዓት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እንዲሆን ይደረጋል። አንድ ክሪስታል ለማውጣት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስንጥቅ ወይም አረፋ ከተገኘበት ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከምርምር ጥያቄዎቹ መካከል ሙቀትን መቀነስ ይገኝበታል። ኒዮዲሚየም 808 ናኖሜትር ብርሃን ተቀብሎ 1064 ሲያወጣ 24 በመቶ የሚሆነው ኃይል ይባክናል፤ ኢተርቢየም ግን 940 ተቀብሎ 1030 ስለሚያወጣ ብክነቱ 9 በመቶ ያህል ነው።

ስለሆነም አመልካቾች ከመፈረማቸው በፊት ቤተ ሙከራው ክሪስታሎቹን ራሱ የሚያሳድግ ወይስ ከሌላ ተቀብሎ የሚለካ መሆኑን፣ የራሱ ምድጃ ካለውም ለስንት ተመራማሪዎች እንደሚዳረስ በጽሑፍ ቢጠይቁ ይመከራል። የሦስት ዓመት ውል ባለበት ቦታ ወረፋ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ የዶክትሬት መርሐ ግብር ሥር ለሚወጡ ቦታዎች የማንኛውም አገር ዜጋ ማመልከት ይችላል። አመልካቹ የዶክትሬት ዲግሪ ያልያዘ፣ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራትም በተቀባዩ አገር ከ12 ወራት በላይ ያልኖረ ወይም ዋና ሥራውን በዚያ ያላከናወነ መሆን ይኖርበታል። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ይህን ድንጋጌ በጥንቃቄ ሊያዩት ይገባል፤ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የስደተኝነት ጥያቄ በሂደት ላይ የነበረበት ጊዜ ግን አይቆጠርም። ክፍት ቦታዎቹ በዩራክሰስ ድረ ገጽ ይወጣሉ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በቀጥታ ለተቀባዩ ተቋም ስለሆነ ደላላ አያስፈልግም።

ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ አገር የሚመለሱ ተመራማሪዎች በውጭ አገር ላገኙት ዲግሪ የአቻ ግምት የሚጠይቁት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።