የሐረጎን ዳገት የወጣችው ሴት

ጠጋ በሉማ፣ ስሙኝ። የዛሬው ወሬዬ የልብ ወሬ ነው። ዘፋኝ የሚያንጎራጉርለትን ልብ ለዘፋኙ ትቼ፣ ደረት ውስጥ ደም የሚገፋውን ሥጋ ነው የማወራችሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ሴት አለች እንበል። ትረካ ነውና እኔው የፈጠርኳት ናት፤ ስምም አላወጣላትም። ሕመሟን ግን አልፈጠርኩትም፤ በየሆስፒታሉ የልብ ክትትል በር ላይ ካርድ ይዘው የሚቀመጡትን ወጣቶች ያየ ሰው ያውቃታል። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታመመች፤ ተሻላት። ቆየት ብሎ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ “ብርድ ነው” ተባለ። ብርዱ ለቀቃት፤ በሽታው ግን ልቧ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ሚትራል የሚባለው የልቧ በር ጠባሳ ይዞ ጠበበ። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፣ ውሃ የሚያሸናትን ላሲክሷን ትውጣለች፣ ሥራዋን ትሠራለች። ሰፈሩ “ቀጭንና ዝምተኛ ልጅ” ይላታል እንጂ “በሽተኛ” አይላትም።

አገባች። ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። አማቷ አቦሉን አስቀርበው ዱአ አደረጉ፤ ቤቱ ደስ አለው። ሦስተኛው ወር ላይ ሌሊት በጀርባዋ መተኛት አቃታት። አንድ ትራስ ጨመረች፣ ሁለተኛም ጨመረች። ባሏ “እርግዝና ነው፣ አብሽሪ” አላት። አማቷም “እኔም እንዲህ ያደርገኝ ነበር” አሉ። መርፌዋን ልትወጋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነው ነርሷ ትንፋሿን ሰምታ፣ የከንፈሯን ቀለም አይታ፣ “እህቴ፣ ዛሬውኑ ደሴ!” ያለቻት።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሚኒባሱ በጠመዝማዛው እያቃሰተ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ለጤነኛ ሰው ጆሮ ድፍን ይላል፣ አበቃ። ለሷ መስኮቱ ተከፍቶም አየሩ አልበቃም።

ምን ሆነች? እርግዝና የሴትን የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልብም ቶሎ ቶሎ ይመታል። የጠበበው በር ግን አይሰፋም። ሰኞ ገበያ የዋለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጠባብ በር አስወጣለሁ እንደማለት ነው፤ የተረፈው ደም ወደ ኋላ ይመለስና ሳንባ ላይ ውሃ ያቁራል። ጭነቱ ሰባተኛው ወር አካባቢ ይከብዳል፤ ምጥ ሲመጣ ይብሳል፤ የእንግዴ ልጁ በወጣ ቅጽበት ደግሞ ማህፀን የያዘው ደም ተገፍቶ ልብ ላይ ይመጣል። “በሰላም ተገላገለች” ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ እናት የምትሞተው እንዲህ ነው።

ደሴ ሆስፒታል ደረሰች። ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። ሐኪሙ አስቀምጦ አነጋገራት።

“ዶክተር፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ይደክመኛል እንጂ።”

“ኢኮሽ ደህና አይልም፣ እህቴ። በሩ በጣም ጠቧል። ልቀጥል ካልሽ አዲስ አበባ ድረስ ልከን የቻልነውን እናደርጋለን፤ ግን ልትሞቺ ትችያለሽ፣ አልደብቅሽም። ይቋረጥ ካልሽ ደግሞ አሁን ይሻላል፤ በቆየ ቁጥር እሱም ይከብዳል። ውሳኔው ያንቺ ነው።”

ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው ስለ ልቧ አልነበረም። “አያስይዘኝም?” ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ወሬዬን ላቁምና ወደ ሕጉ ልሂድ፤ ጥያቄዋ ከሜዳ የመጣ አይደለምና። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል ከባድና ዘላቂ አደጋ ሲኖር ብቻ ነበር። ሐኪም በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ በዚያ ላይ በታመመችበት በሽታ ስፔሻሊስት የሆነ ሁለተኛ ሐኪም ይስማማል። እስቲ አስቡት፤ በ1960ዎቹ ወሎ ውስጥ ለአንዲት ገበሬ ሚስት የልብ ስፔሻሊስት ከየት ይመጣል? ሕጉ ፈቅዶ የከለከለ ሕግ ነበር። ሴቲቱ የቀራት አንድም ስር የሚያስገባ ሰው፣ አንድም ወልዶ መሞት።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ይህን ለወጠ። ማቋረጥ በጠቅላላው ዛሬም ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 551 ግን የተፈቀደበትን ይዘረዝራል፦ መደፈር፣ ከቅርብ ዘመድ ማርገዝ፣ የማይድን ከባድ የጽንስ ጉድለት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ወይም በአካልም ሆነ በአእምሮ ጉዳት ልጅ ማሳደግ የማትችል እናት፣ እንዲሁም እርግዝናው ወይም ወሊዱ የእናትን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን። “ወይም ጤና” የምትለዋን ያዙልኝ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ጨመረ፤ ሴቲቱ አገልግሎቱን በጠየቀችበት ቀን የግድ ታማ መገኘት የለባትም። አደጋው ወደፊት የሚመጣ መሆኑን ባለሙያው በቅን ልቦና ካመነ ይበቃል። ሳንባዋ ውሃ እስኪሞላ ይጠበቅ አይልም። በእኔ ግምት፣ ብዙ ሀብታም አገር ካለው ሕግ ይህ የተሻለ ነው። አሜሪካ እንኳ የውርጃን ሕገ መንግሥታዊ መብት ከሻረው የሰኔ 2014 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ፣ ሜቶትሬክሴት ውርጃም ያስከትላል ተብሎ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሴቶች የለመዱትን መድኃኒት ፋርማሲ የከለከላቸው ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙ “አያስይዝሽም” አላት። ባሏ ሼኩን ደውሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም የእናት ነፍስ በእርግጥ አደጋ ላይ ከሆነ እሷ ትቅደም አሉ፤ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት የሚሉትም ይኸው ነው። እሷም ይቋረጥ ብላ ወሰነች። ልጁን ትፈልገው ነበር፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ከመውጣቷ በፊት ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ ኢምፕላንት ተቀበረላት።

አሁን ቁጭቴን ልናገር። ይህች ሴት ለዓመታት በየአራት ሳምንቱ ስትወጋ “ልታገቢ ነው? ልጅ ታስቢያለሽ? ምን ትጠቀሚያለሽ?” ያላት ሰው አልነበረም። የቤተሰብ ምጣኔው ክፍል እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው! ሳታረግዝ ቢደረስባት የጠበበው በር በፊኛ ወይም በቀዶ ጥገና ሊከፈትላት፣ ቆይታም በሐኪም ዓይን ሥር ልትወልድ በቻለች ነበር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል አለ፤ ወረፋው ያስለቅሳል እንጂ።

የልብ ብቻ አይደለም። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮት የምትወስድ ሴት ካረገዘች የልጇ አከርካሪና ጭንቅላት ሊጎዳ ይችላል። ፌኖባርቢታል የምትወስደው ደግሞ ክንዷ ውስጥ ያለው ኢምፕላንት ይዳከምባታል፤ ተማምና ታረግዛለች። የቲቢው ሪፋምፒሲንም እንዲሁ ነው። ይህን መድኃኒቱን የሚጽፈው ክፍል ካልነገራት ማን ይነግራታል?

በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2014 መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ። ክትትል ላይ የነበረ ታማሚ ካርዱን ይዞ ባዶ ክፍል ደጃፍ ቆመ። ሕግ በወረቀት ሳይነካ መቅረቱ ለነዚያ ሳምንታት ለማንም አልጠቀመም።

ስለዚህ የክትትል ክፍል ባለሙያዎች ሆይ፣ መርፌውን ከመውጋታችሁ በፊት ስለ እርግዝና አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አንቺም እህቴ፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ካርድ በቦርሳሽ ካለ፣ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። አርግዘሽ ከሆነም የወር አበባሽ በቀረ በሳምንቱ ሂጂ። እርግዝናው ለሕይወትሽ ወይም ለጤናሽ አደጋ ከሆነ፣ እስከ 12 ሳምንት ላለው ጤና ጣቢያም የማቋረጥ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ከባድ የልብ ሕመም ካለብሽ ግን ሳምንቱ ቢያንስም ቦታሽ ሆስፒታል ነው። አያስይዝሽም።