ከፋብሪካው በኋላ የዘለቀ ክለብ፤ የቦቴቭግራዱ «ባልካን» ታሪክ

አንድ የኢንዱስትሪ ከተማ ፋብሪካው ሲዘጋ ምን ይቀርለታል? ይህ ጥያቄ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ፋብሪካ የምንነድፍና የምንተክል መሐንዲሶችም ልናስብበት ይገባል። መልሱን በቁጥርና በሠንጠረዥ መፈለግ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ግን የምንፈልገው በአንዲት አነስተኛ የቡልጋሪያ ከተማና በቅርጫት ኳስ ክለቧ ታሪክ ውስጥ ነው። ከተማይቱ ቦቴቭግራድ ትባላለች፤ የክለቡም ስም «ባልካን» ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቦቴቭግራድ ከዋናው ከተማ ከሶፊያ በስተሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባልካን ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ናት። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ኦርሐኒዬ ትባል ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ1934 ሲሆን፣ ይኸውም በ1876 ለአገሩ ነጻነት ሲዋጋ ለወደቀው ባለቅኔ ለኽሪስቶ ቦቴቭ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በ1866 የተሠራው የሰዓት ማማ እስከ ዛሬ የከተማይቱ ምልክት ሆኖ ይኖራል። የነዋሪዎቿ ቁጥር 20,000 ያህል ነው።

በዲሴምበር 1947 የቡልጋሪያ መንግሥት ኢንዱስትሪውን ከግል ባለሀብቶች እጅ ወስዶ የሕዝብ ንብረት አደረገ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ቦቴቭግራድ ከገበያ ከተማነት ወደ ፋብሪካ ከተማነት ተለወጠች። «ቻቭዳር» የተባለው የአውቶቡስ ፋብሪካ የተስፋፋው እዚሁ ነው፤ በብርታቱ ዘመንም በባልካን አገሮች ካሉት የአውቶቡስ ፋብሪካዎች ሁሉ ትልቁ ለመሆን በቅቶ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ተጨመረላት። ብየዳ የሚያውቀውና የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ያለው ሠራተኛ በአንድ ሰፈር ይኖር፣ ልጆቹንም በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር።

በዚያ ዘመን የቅርጫት ኳስ ክብር የዋናው ከተማ ነበር ማለት ይቻላል። በ1957 የአውሮፓ ሻምፒዮና በሶፊያ ሲደረግ፣ ውድድሩ የተካሄደው ጣሪያ በሌለው በቫሲል ሌቭስኪ ስታዲዮም ነበር። ቡልጋሪያ በሶቪየት ኅብረት 60 ለ57 ብቻ ተሸንፋ ሁለተኛ ወጣች። በአውሮፓ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫም የሶፊያው «አካዴሚክ» በ1958 እና በ1959 ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በሪጋው ቡድን ተረታ። የሶፊያ ክለቦች ጉልበት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስፖርተኛው በወረቀት ላይ አማተር ቢሆንም፣ ኑሮው የሚደገፈው ክለቡን በያዘው መሥሪያ ቤት ነበር። ሲ.ኤስ.ካ. የጦሩ፣ «አካዴሚክ» የተማሪዎች፣ «ሌቭስኪ»ም ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ክለብ ነበሩ። ከጠቅላይ ግዛት የተገኘ ብርቱ ወጣት ለትምህርት ወይም ለውትድርና ወደ ሶፊያ ከሄደ በኋላ በዚያው መቅረቱ የተለመደ ነበር።

እንግዲህ በ1974 «ባልካን» የቡልጋሪያ ሻምፒዮን መሆኑ ቀላል ነገር እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። በሕዝብ ብዛት ከሶፊያ አንድ ሰፈር የማትበልጥ ከተማ የጦሩንና የሚኒስቴሩን ክለቦች ቀደመች። የክለቡ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው አሠልጣኝ ጽቪያትኮ ባርቾቭስኪ ነው። የሙያው ፍሬ ወደ ቀጣዩ ትውልድም ተሻግሯል፤ ልጁ ሮሰን ባርቾቭስኪ በ2011 የአውሮፓ ሻምፒዮና የቡልጋሪያን ብሔራዊ ቡድን መርቷል።

ከሶፊያ ውጭ ያሉት ከተሞች ኃይል በ1980ዎቹ ይበልጥ ታየ። በ1985 የጥቁር ባሕር ወደብ የቫርና ክለብ «አካዴሚክ ቫርና» ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ቡድን ተጫዋች ጌኦርጊ ግሉሽኮቭ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለፊኒክስ ሰንስ 49 ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ ከምሥራቅ አውሮፓ ሶሻሊስት አገሮች ተነሥቶ በኤን.ቢ.ኤ. የተጫወተ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው። «ባልካን» ደግሞ በ1988 እና በ1989 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ።

ይሁን እንጂ ያ የ1989 ድል ሳይረሳ ዓለሙ ተለወጠ። በኖቬምበር 10 ቀን 1989 ከቦቴቭግራድ አጠገብ በምትገኘው በፕራቬትስ የተወለዱት ቶዶር ዢቭኮቭ ከሥልጣን ወረዱ። በ1991 የሶሻሊስት አገሮች የንግድ ማኅበር ኮሜኮን ፈረሰ። ፋብሪካዎች ገበያቸውን አጡ። በ1996 እና በ1997 የዋጋ ንረቱ የሠራተኛውን ደመወዝና ቁጠባ በላው። «ቻቭዳር»ም በ1990ዎቹ መጨረሻ አውቶቡስ መሥራቱን አቆመ። ድንበሩ ስለተከፈተ ወጣቱ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ይፈልስ ጀመር። በ1989 ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የቡልጋሪያ ሕዝብ በ2021 ቆጠራ 6.5 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ዘመን የሻምፒዮናው ዋንጫ ገንዘብን ተከትሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የፕሌቨኑ «ስፓርታክ» በ1995 እና በ1996፣ የቫርናው «ቼርኖ ሞሬ» በ1998 እና በ1999 ወሰዱት። ከ2003 ጀምሮ ግን የነዳጅ ኩባንያ ስም የተሸከመው የሶፊያው «ሉክኦይል አካዴሚክ» ለአሥር ዓመታት ያህል ለማንም ሳይለቅ ያዘው። «ባልካን» በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያለ ሻምፒዮንነት ኖረ።

ከተማይቱ ግን ያላትን ዕውቀት ይዛ ቆይታ ነበር። የሴሚኮንዳክተሩ ሙያ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በቦቴቭግራድ ለአውቶሞቢል የሚሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚሠራ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ2011ም ይኸው ፋብሪካ በአንድ የፊሊፒንስ ኩባንያ እጅ ገባ። አውቶቡስ ትሠራ የነበረች ከተማ ለመኪና የሚሆነውን ረቂቁን ክፍል መሥራት ቀጠለች ማለት ነው። በ2014 «አሬና ቦቴቭግራድ» የተባለው አዳራሽ ተከፈተ። መቀመጫዎቹ ወደ 4,500 ይጠጋሉ፤ ይህም ከአምስት ነዋሪዎች አንዱን በአንድ ጊዜ ሊያስቀምጥ ይችላል ማለት ነው። በ2019 «ባልካን» ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና የቡልጋሪያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 ልጅ ሆኖ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያየ ሰው በዚያን ጊዜ የራሱን ልጅ ይዞ ለመምጣት የሚበቃ ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? ዋንጫ ደመወዝን አይተካም፤ የተሰደደውንም ወጣት አይመልስም። ክለቡ ከተማይቱን አዳነ ብሎ መጻፍ ታሪክን ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን በእኛ ሙያ እንደሚታወቀው፣ በአንድ ምሰሶ ብቻ የቆመ ጣሪያ ምሰሶው ሲሰበር ይወድቃል፤ ሸክሙ በብዙ ድጋፎች ላይ የተከፋፈለ ግን አንዱ ሲጎድል በሌሎቹ ይቆማል። አንድ ክለብ ደጋፊው አንድ ድርጅት ብቻ ሲሆን ዕድሜው ከድርጅቱ ዕድሜ ጋር የተሳሰረ ነው። አሠልጣኙ ልጁን ሲያስተምር፣ አባት ልጁን ወደ ሜዳ ሲወስድ፣ ስሙም ከከተማው ተራራ ስም ጋር አንድ ሲሆን ግን ሸክሙ ተከፋፍሏል።

እኛ መሐንዲሶች አዲስ ፋብሪካ ስንነድፍ የውሃውን፣ የኤሌክትሪኩንና የመንገዱን ሂሳብ በጥንቃቄ እንሠራለን። የሠራተኛው ልጅ የሚጫወትበትን ሜዳ ግን ብዙ ጊዜ ለኋላ እናቆየዋለን፤ ገንዘብ ሲያጥርም ከዕቅዱ ቀድሞ የሚሰረዘው እርሱ ነው። በቦቴቭግራድ ግን አውቶቡሶቹ ከምርት መሥመር ላይ መውጣት ካቆሙ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም በዚያች ከተማ ኳሱ ይነጥር ነበር።