የዌልስ ባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ

የዌልስ ባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ (በዌልስኛ፦ «ሉይብር አርቮርዲር ከምሪ») የዌልስን የባሕር ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ የሚሄድ የእግር ጉዞ መንገድ ነው። ርዝመቱ 1,400 ኪሎ ሜትር (870 ማይል) ያህል ነው። በደቡብ ምሥራቅ ከቼፕስቶው ከተማ ተነሥቶ በሰሜን ምሥራቅ በእንግሊዝ ድንበር አጠገብ እስከ ኩዊንስፌሪ ይደርሳል። በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2012 (ሚያዝያ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.) ሲሆን፣ የአንድን አገር ባሕር ዳርቻ በሙሉ የሚያዳርስ የመጀመሪያው የእግር መንገድ ተብሎ ይታወቃል።

መንገዱን በሙሉ ለመጨረስ ብዙ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ሆኖም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሄዱበት ብዙዎች ናቸው። በአንድ ስም ቢጠራም፣ ከፊሉ ዊልቸር ያለ ችግር የሚያልፍበት ንጣፍ፣ ከፊሉ ደግሞ ልምድ ያለውን እግረኛ እንኳ የሚያደክም የገደል አፋፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መንገዱን መሄድ መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው በጠቅላላው ርዝመት ሳይሆን በሚመርጠው ክፍል ነው።

ታሪክ

በእንግሊዝና በዌልስ ብሔራዊ ፓርኮችንና ረጃጅም የእግር መንገዶችን ለማቋቋም የሚያስችለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1952 በምዕራብ ዌልስ የፔምብሮክሺር ባሕር ዳርቻ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮናልድ ሎክሊ በአካባቢው የሚያልፍ የእግር መንገድ አቅጣጫን አጥንቶ አቀረበ። መንገዱ ግን በብዙ የግል እርሻዎች ስለሚያልፍ ከባለርስቶቹ ጋር መስማማት ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ይህ የፔምብሮክሺር መንገድ 299 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች አካባቢዎችም የየራሳቸውን መንገድ ከፈቱ። አንግልሲ ደሴትን የሚዞረው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በምዕራብ የሚገኘው የኬረዲጊዮን መንገድ ደግሞ 96 ኪሎ ሜትር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት የዌልስ መንግሥት ከየአካባቢው ምክር ቤቶች ጋር ሆኖ እነዚህን ነባር መንገዶች እርስ በርስ የሚያገናኙ ክፍሎችን አሠራ። የ2012ቱ ምረቃ የዚህ ሥራ ፍጻሜ ነበር።

ዌልስን ከእንግሊዝ በሚያዋስነው ምድር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተውና 285 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኦፋ ካብ መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው በ8ኛው መቶ ዘመን ከነገሠው ከመርሲያ ንጉሥ ከኦፋ ነው። ሁለቱን መንገዶች አያይዞ የሚሄድ ሰው ዌልስን ሙሉ በሙሉ ይዞራል ማለት ይቻላል።

የአካሄዱ ልዩነት

መንገዱ በስምንት አካባቢዎች የተከፈለ ነው። በአንድ አካባቢ ውስጥ እንኳ ሜዳና ገደል ተቀራርበው ይገኛሉ።

ከቀላሎቹ ክፍሎች አንዱ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ ወሽመጥ አፍ ላይ የተሠራው ግድብ ነው። 1.1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የተነጠፈና ሜዳማ ስለሆነ ለዊልቸርም ለሕፃን ጋሪም ይመቻል። በላኔሊ ከተማ አጠገብ ደግሞ ቀድሞ ፋብሪካዎች በነበሩበት ዳርቻ ላይ በተሠራው ፓርክ ውስጥ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ለእግረኛና ለብስክሌት የተነጠፈ መንገድ ይገኛል። በሰሜኑ ዳርቻ በፕሬስታቲንና በሪል ከተሞች በኩልም መንገዱ ሰፊና ሜዳማ የባሕር ዳር መናፈሻ ተከትሎ ያልፋል።

ከከባዶቹ መካከል በሰሜን ፔምብሮክሺር ከሴንት ዶግሜልስ እስከ ኒውፖርት የሚሄደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍል ይጠቀሳል። የፔምብሮክሺር መንገድ ከፍተኛ ቦታ የሚገኘው በዚሁ ክፍል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 175 ሜትር ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ድካሙ የሚመጣው ከከፍታው ሳይሆን ከመደጋገሙ ነው፤ መንገዱ በእያንዳንዱ የወንዝ ሸለቆ ወደ ባሕሩ ይወርድና እንደገና ወደ አፋፉ ይወጣል። በመላው የፔምብሮክሺር መንገድ የሚወጡት ዳገቶች ሲደመሩ 10,600 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ይህም ከራስ ደጀን ተራራ ከፍታ እጥፍ ይበልጣል።

መንገዱን ለሁሉም ማመቻቸት

ሜዳማ መንገድ ሁሉ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው ማለት አይደለም። በገጠር ብሪታንያ ከብት እንዳያልፍ በታጠሩ እርሻዎች መካከል እግረኛ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ በአጥሩ ላይ በተሠራ የእንጨት መወጣጫ ነው። ጤነኛ ጉልበት ላለው ሰው መወጣጫው የአፍታ ሥራ ነው። ለአረጋዊ፣ በክራንች ለሚሄድ ሰው፣ ሕፃን ላዘለች እናት ወይም በዊልቸር ለሚጓዝ ሰው ግን የመንገዱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት በፔምብሮክሺር አብዛኞቹ መወጣጫዎች ቀስ በቀስ በበር ተተክተዋል። ዊልቸር እንዲያልፍ ደግሞ በሩ በቂ ስፋት ያለውና ሳያስቸግር የሚከፈት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ለዊልቸር ለሚሠራ መወጣጫ የተለመደው ልክ በ12 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን በእጁ የሚገፋ ሰው ይቸገራል። ሦስተኛው የመሬቱ ዓይነት ነው፤ ጭቃ፣ ልቅ ጠጠርና አሸዋ ጎማን ይይዛሉ። በፔምብሮክሺር አንዳንድ ዳርቻዎች አሸዋ ላይ ለመሄድ የሚያስችሉ ወፍራም ጎማ ያላቸው ልዩ ዊልቸሮች ለጎብኝዎች ይሰጣሉ።

አራተኛው መረጃ ነው። «ቀላል» የሚለው ቃል ለአንዱ የሚስማማውን ያህል ሌላውን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የመንገድ መግለጫ ርቀቱን፣ የመሬቱን ዓይነት፣ የዳገቱን ልክ፣ የደረጃዎችንና የበሮችን ብዛት፣ መቀመጫ፣ መጸዳጃና የመኪና ማቆሚያ የት እንደሚገኝ ይናገራል፤ ውሳኔውን ለራሱ ለተጓዡ ይተዋል። በተጨማሪም በፔምብሮክሺር ዳርቻ የሚመላለሱ አነስተኛ አውቶቡሶች ስላሉ፣ ተጓዥ በእግሩ የሄደውን ያህል ተመልሶ መሄድ አይገደድም።

የባሕር ሙላትና ጉድለት

ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዌልስን በደቡብ የሚያዋስነው የብሪስቶል ወሽመጥ በሙላትና በጉድለት መካከል ባለው ልዩነት ከዓለም ከፍተኞቹ አንዱ ነው፤ በአንዳንድ ቀናት ልዩነቱ 14 ሜትር ይደርሳል። በጉድለት ጊዜ ሰፊ የሆነ አሸዋ በሙላት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን፣ ዳርቻ ዳርቻውን የሚሄድ ሰውም በገደልና በውኃ መካከል ሊቀር ይችላል። በፔምብሮክሺር ሳንዲ ሄቨን በሚባለው ቦታ መንገዱ ወንዙን የሚሻገረው ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያለዚያ በየብስ ረጅም ዙሪያ መሄድ ያስፈልጋል። የሙላትና የጉድለት ሰዓት በሠንጠረዥ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ከጉዞ በፊት መመልከት የግድ ነው።

መሸርሸርና ጥገና

ገደሉን ማዕበልና ዝናብ ስለሚሸረሽሩት መንገዱ በአንድ ቦታ ጸንቶ አይኖርም። አፋፉ ሲናድ መንገዱ ወደ የብሱ ገባ እንዲል ይደረጋል፤ ለዚህም ከባለርስቱ ጋር እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል። ካስልማርቲን በተባለው ቦታ ደግሞ መንገዱ በጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ በኩል ስለሚያልፍ፣ ተኩስ ባለበት ቀን ይዘጋና ተጓዦች በሌላ መንገድ ይዞራሉ።

መንገዱን በበላይነት የሚያስተባብረው የዌልስ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት ተቋም ሲሆን፣ የየዕለቱን ጥገና የሚሠሩት የአካባቢ ምክር ቤቶችና የብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደሮች ናቸው። የአቅጣጫ ምልክቱ የዘንዶ ጅራት ያለው ዛጎል ነው፤ ዘንዶው በዌልስ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚታየው እንስሳ ነው። በፔምብሮክሺር ክፍል የብሔራዊ የእግር መንገዶች ምልክት የሆነው የባሉጥ ፍሬም አብሮ ይታያል።