ትምህርትን ከሥራ ጋር የማስተሳሰር ዘዴዎችና የኢታንግ ሁኔታ

ከሥራ ጋር የተሳሰረ ትምህርት ተማሪው በክፍል ውስጥ የቀሰመውን ዕውቀት በሥራ ቦታ በተግባር የሚያውልበት የሥልጠና ሥርዓት ነው። ልምምዱ የትምህርቱ አካል በመሆኑ ዓላማው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ተቆጣጣሪ ይመደብለታል፤ ውጤቱም ይመዘናል።

ዘዴው በኢትዮጵያ የቆየ ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በጤና ጣቢያዎች በቡድን አሰማርቶ ያሠለጥን ነበር። ከ1957 ዓ.ም አንሥቶም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ተደርጓል።

ከዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች አንዱ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ጊዜያቸውን በማሠልጠኛ ተቋሙና በድርጅቶች መካከል የሚከፍሉበት የትብብር ሥልጠና ነው። ሁለተኛው የምሕንድስና ተማሪዎች በፕሮጀክቶችና በፋብሪካዎች የሚያካሂዱት ኢንተርንሺፕ ሲሆን፣ ሦስተኛው ዕጩ መምህራን በትምህርት ቤቶች የሚለማመዱበት ፕራክቲከም ነው። አራተኛው በጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ከ1970ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። በዚህ ዘዴ ተማሪዎች በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው ችግሮችን ያጠናሉ፤ መፍትሔም ይነድፋሉ።

የትኛው ዘዴ እንደሚስማማ የሚወስነው በአካባቢው ያለው ሥራ ነው። በጋምቤላ ክልል በባሮ ወንዝ ዳርቻ በሚገኘው የኢታንግ ልዩ ወረዳ ነዋሪው በአብዛኛው በእርሻ፣ በከብት ርባታና በዓሣ ማስገር ይተዳደራል። ፋብሪካን ማዕከል ያደረገ ልምምድ በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ በቂ ቦታ አያገኝም። በአንጻሩ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የወንዝ ዳር ማሳው ሰፊ የልምምድ መስክ ናቸው። ወረዳው ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በርካታ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ማስተናገዱ ደግሞ የጤናና የትምህርት ባለሙያ ፍላጎትን ከፍ አድርጎታል።

የልምምዱ ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። ባሮ በክረምት ከሞላ መንገድ ሊቋረጥ ስለሚችል ቆላማ ቀበሌዎችን የሚያካልል ልምምድ ለበጋ ይመረጣል። የግብርና ተማሪ ግን ጎርፉ ሲሸሽ በእርጥበቱ የሚዘራውን በቆሎ ለመከታተል በዚያው ወቅት በማሳው መገኘት አለበት። ለጤና ተማሪ ደግሞ ከአኙዋ፣ ከኑዌርና ከኦፖ ተገልጋዮች ጋር በቋንቋቸው መግባባት የሙያው አንድ አካል ነው።

በሁሉም ዘዴዎች ወሳኙ ተቆጣጣሪው ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ካልተመደበ ተማሪው ስሙን እየፈረመ ይውላል እንጂ ሙያ አይቀስምም። ጉድለቱም በመጨረሻ የሚታየው በታካሚው፣ በተማሪውና በአርሶ አደሩ ላይ ነው።