የጥሪት ቆጠራና የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን፦ ስለ ሜዲኬይድ ብቁነት የቀረበ ሙግት

የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ማን ብቁ እንደሆነ የመወሰን ነጻነት ሲነሣ፣ ብዙ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ በ1932 እ.ኤ.አ. ክፍለ ግዛትን ከቤተ ሙከራ ያመሳሰሉበትን የልዩነት ሐሳብ ነው። ክርክሩ በኦክላሆማ በረዶ አምርቶ ለመሸጥ ስለሚያስፈልግ ፈቃድ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ሕሙማን መደምደም አግባብ አይመስለኝም።

ስለ ገቢ ጣሪያ፣ ስለ 2010ሩ የጤና መድን ሕግና በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእርሱ ላይ ስለሰጠው ውሳኔ ብዙ ተጽፏል፤ አልመለስበትም። የተዘነጋው የጥሪት አቆጣጠሩ ሕግ ነው። ከ2014 ወዲህ የሕፃናትና የአብዛኞቹ ጎልማሶች ጥሪት አይቆጠርም፤ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ግን ይቆጠራል። መነሻው እነዚሁኑ የሚደጉመው የፌዴራል መርሐ ግብር ለአንድ ሰው ያስቀመጠው የ2,000 ዶላር የጥሪት ጣሪያ ነው። የ1972ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ማሻሻያ፣ በአንቀጽ 209(ለ)፣ ክፍለ ግዛቶች በዚያ ዓመት ጥር 1 ቀን የነበራቸውን ጠበቅ ያለ መስፈርት ይዘው እንዲቀጥሉ ፈቀደ። በ1988 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ አቆጣጠሩን እንዲያላሉ በር ከፈተ። የመጀመሪያው ፈቃድ ምን ይሞክራል? የቆየውን ከማቆየት በቀር ምንም።

ሁለተኛውን ካሊፎርኒያ ተጠቀመችበት። በሐምሌ 2022 ጣሪያውን ወደ 130,000 ዶላር አሳደገች፤ በጥር 2024 ቆጠራውን ጨርሳ አስቀረች፤ በጥር 2026 ግን 130,000ውን መልሳ አመጣች። ያስመለሳት የበጀት ጉድለት እንጂ የሙከራ ውጤት አልነበረም። በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ለክፉ ቀን ብለው ባንክ ያኖሩት ገንዘብ በ2024 አልተቆጠረባቸውም፤ አሁን ይቆጠራል። ልጃቸው ዘንድ ለመጦር ጣሪያውን ወዳላሳደገ ክፍለ ግዛት ቢሄዱ፣ ያው ገንዘብ መድኑን ያስነፍጋቸዋል። የሰውየው ሕመምም ድህነትም አልተለወጠም።

ቆጠራው ከቀረ ባለጠጎች ይገባሉ የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያቆይም፤ የገቢው መለኪያ ባለበት ይቀራል፣ ወለድና ኪራይም ገቢ ናቸው። እርግጥ የአንድ ክፍለ ግዛት ታሪክ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ክፍለ ግዛቶች ከፍ ሊያደርጉት እንጂ ሊያወርዱት የማይችሉት፣ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚሄድ የፌዴራል ወለል ያስፈልጋል ከማለት ወደ ኋላ አልልም። የ2,000 ዶላሩ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም።